ሴል እንኳ ሚዜ አለው



ባለፈው ክረምት ልጃችን ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ነበር። የምትማረው ባዮሎጂ ነው። በምናገለግልባት የስምጥ ሸለቆ ከተማ እንግዳ ሲመጣ ዓሣ ይጠበሳልና፣ የመጣች ቀን ማታ ቆሮሶ ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ፣ ዳጣው ቀርቦ፣ አያቷም ሳይቀሩ ሁላችንም ትሪውን ከበብን። ጸልየን እጃችንን ስንዘረጋ ልጃችን አንዱን ዓሣ ገልበጥ አድርጋ ጉንጩ ላይ ያለውን ክዳን አሳየችን። «ስንጥቡ እዚህ ስር ነበር። ይህ ዓሣ በሕይወት ሳለ እዚህች ቦታ ላይ ያሉ ሴሎች ቀንና ሌሊት ሲታገሉ እንደኖሩ ታውቃላችሁ?» አለች።

እኛ በነገረ መለኮት ኮሌጅ ግሪክኛ ተምረናል፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ተምረናል። ስለ ሴል ግን የምናስታውሰው መምህራችን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሳሉትን ክብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዝም ብለን አዳመጥን። ያን ማታ የሰማነውን፣ በኋላም ከመጽሐፎቿ እየጠየቅናት የተረዳነውን ዛሬ ልናካፍላችሁ ወደድን። የምናካፍላችሁ ግን ስለ ዓሣ ለማውራት ብቻ ብለን አይደለም። ያ ማታ እንቅልፍ ነስቶናልና ነው። ምክንያቱን ወደ በኋላ እንናገራለን።

በጣፋጭ ውሃ የሚኖር ዓሣ ደሙ ከሚዋኝበት ውሃ ይልቅ ጨው አለው። ስለዚህ ውሃው ሳያቋርጥ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ጨዉ ደግሞ ሳያቋርጥ ከሰውነቱ ሊወጣ ይፈልጋል። ዓሣው ዝም ቢል ውሃው ያጥለቀልቀዋል። ዝም አይልም። ኩላሊቱ ብዙ ቀጭን ሽንት እያወጣ ውሃውን ይመልሳል፤ ስንጥቡ ላይ ያሉት ልዩ ሴሎች ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ጨው እየለቀሙ ወደ ደሙ ያስገባሉ። የባሕር ዓሣ ችግሩ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ባሕሩ ውሃውን ስለሚመጥበት ይጠጣል፤ የጠጣውን ጨው ደግሞ በስንጥቡ መልሶ ይተፋል። ከቆሮሶ ዘመዶች መካከል ሁለቱንም የሚችሉ አሉ። ውሃው ቀስ በቀስ ጨዋማ ሲሆን የስንጥባቸው ሴሎች ሥራቸውን ይለውጣሉ፤ ሲያስገቡት የነበረውን ጨው ማስወጣት ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ ልጃችን አንድ ቃል ደጋግማ አለች፦ «ቀስ በቀስ»። በጥቂት በጥቂቱ ያለማመዱት ዓሣ የሚችለውን ጨው፣ ያው ዓሣ ድንገት ቢጨመርበት ይሞታል።

በኬንያ ማጋዲ የሚባል ሐይቅ አለ። ውሃው ሶዳ ነው፤ የአሲድና የአልካሊ መለኪያው ወደ 10 ይጠጋል፤ ፍል ውሃ በሚገባበት ዳርቻ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል። እዚያም ትንሽ የቆሮሶ ዘመድ ይኖራል። ሌሎች ዓሦች የሰውነታቸውን ቆሻሻ በአሞኒያ መልክ በስንጥባቸው ያስወጣሉ። በሶዳ ውሃ ውስጥ ግን አሞኒያ በቀላሉ አይወጣም፤ በሰውነት ውስጥ ከቀረ ደግሞ መርዝ ነው። ይህ ዓሣ አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ለውጦ ያስወጣል፤ እኛ ሰዎች በሽንታችን እንደምናደርገው ማለት ነው። ይህ ለውጥ ግን በነፃ አይገኝም፤ ከሚበላው ጉልበት ላይ ይከፈልበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው ልባችንን የያዘው። እንቁላል ስትጠብሱ ፈሳሹ ለምን ነጭና ጠጣር እንደሚሆን አስባችሁ ታውቃላችሁ? በውስጡ ያለው ፕሮቲን በሙቀት መልኩን ስለሚያጣ ነው። በሴል ውስጥ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። እያንዳንዱ እንደ ረጅም ክር ይሠራና በራሱ ልክ ይታጠፋል፤ ሥራውን መሥራት የሚችለው እጥፋቱ ሲስተካከል ብቻ ነው። ሙቀት ከተለመደው ጥቂት ዲግሪ ከፍ ሲል እጥፋቱ መፈታት ይጀምራል። የተፈቱት እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ደኅነኞቹንም እየያዙ ያበላሻሉ። ሰው ትኩሳት ሲይዘው፣ ዓሣ ሐይቁ ሲሞቅበት፣ በሴሎቻቸው ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ፌሩቾ ሪቶሳ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ የፍሬ ዝንብ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። አንድ ቀን ሴሎቹ የተቀመጡበት ማሞቂያ ሳያውቅ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ነበር። ሲያያቸው ከዚህ በፊት ባላየው ቦታ በክሮሞሶሞቹ ላይ እብጠት አገኘ። እብጠቱ የሚያመለክተው በዚያ ቦታ ያለው መረጃ እየተነበበ መሆኑን ነው። ሴሎቹ ሙቀቱ ሲያገኛቸው ዝም ብለው አልተቃጠሉም፤ አንድ ነገር እየሠሩ ነበር። ግኝቱን ለታወቀ መጽሔት ሲልከው ጠቀሜታው አልታየንም ብለው መለሱለት፤ በ1962 እ.ኤ.አ. በሌላ መጽሔት ወጣ። ሴሎቹ ይሠሩት የነበረው ፕሮቲን የታወቀው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን ይባላል። በዝንብ ብቻ ሳይሆን በባክቴሪያ፣ በእርሾ፣ በበቆሎ፣ በዓሣና በእኔ በአንተ ሰውነት ውስጥ አለ። ስሙ የሙቀት ይባል እንጂ፣ ኦክስጅን ሲያጥርም፣ መርዝ ሲገባም፣ ጨው ሲበዛም ይነሣል።

«ሥራቸው ምንድን ነው?» አልናት። «ሌላው ፕሮቲን ሲፈታ ይደግፉታል። ከማይሆን ነገር ጋር እንዳይጣበቅ ከልለው ይይዙታል፤ ተመልሶ እንዲታጠፍ ጊዜ ይሰጡታል። ሲቆም ይለቁታል፤ የእርሱ አካል ሆነው አይቀሩም» አለች። ይሄኔ ጥርሳቸው ስለማይመች ዓሣውን ቀስ እያሉ ሲለቅሙ የነበሩት አያቷ ቀና ብለው «ታዲያ ሚዜ ናቸዋ!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ልጃችን ግን አልሳቀችም። «እማዬ፣ ሳይንቲስቶቹም የሰጧቸው ስም ከዚህ የራቀ አይደለም» አለች።

ሚዜ አያገባም። ሙሽራው ላብ ሲያጠምቀው መሐረብ ያቀብላል፤ ሲደናገር በጆሮው ይነግረዋል፤ ሰው ሲበዛበት ይከልለዋል። ሰርጉ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሴል እንኳ ሚዜ አለው።

አሠራራቸውን ስሙልኝ። በሰላሙ ጊዜ ጥቂት ሚዜዎች በሴሉ ውስጥ ይኖራሉ፤ አንድ መልእክተኛ ፕሮቲንም ይዘው ያቆያሉ። ሙቀት ሲመጣና የተፈቱት ሲበዙ፣ ሚዜዎቹ መልእክተኛውን ለቀው ወደ ተጎዱት ይሮጣሉ። የተለቀቀው መልእክተኛ ወደ ኒውክሊየስ ይገባና «ተጨማሪ ሚዜ ይሠራ» የሚለውን ትእዛዝ ያስነሣል። ሴሉ የተለመደውን ሥራውን ይቀንሳል፤ ሌሎች ፕሮቲኖችን መሥራቱን ያዘገያል፤ ጉልበቱን ወደ ጥገናው ያዞራል። ሊጠገኑ ያልቻሉትንም ይሰባብርና ቁራጩን መልሶ ይጠቀምበታል። ሴል የራሱን ያረጀ ነገር እንዴት እንደሚያፈርስና መልሶ እንደሚጠቀምበት ያጠኑት ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሌላም ነገር አለ። መጠነኛ ሙቀት አግኝቶት ያገገመ ሴል፣ ለጥቂት ጊዜ ከዚያ የበረታውን ሙቀት መቋቋም ይችላል። ከመጀመሪያው ጭንቅ የቀሩት ሚዜዎች ገና አልሄዱምና።

ስለ ብርዱም ጠየቅናት። በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ያለው ባሕር ከዜሮ በታች ወደ 1.9 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ጨዋማ ስለሆነ ነው ውሃው ያልረጋው። የብዙ የባሕር ዓሦች ደም ግን ከዚያ ቀድሞ በረዶ ይሆናል። ታዲያ የዚያ አገር ዓሦች እንዴት ይኖራሉ? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አርተር ዴቭሪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ደማቸውን መርምሮ ምስጢሩን አገኘ። በደማቸው ውስጥ ያለ ፕሮቲን ገና በጥቃቅኑ በረዶ ላይ ይለጠፍና እንዳያድግ ይከለክለዋል። በረዶው ወደ ውስጣቸው አይገባም ማለት አይደለም፤ ይገባል። ግን እንዲሰፋ አይፈቀድለትም።

እነዚሁ ዓሦች ግን አንድ ያጡት ነገር አላቸው። ከእነርሱ አንዱ ውሃው ሲሞቅበት ተጨማሪ ሚዜ መጥራት እንደማይችል ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ለእጅግ ረጅም ዘመን ሙቀቱ በማይለዋወጥ ውሃ ውስጥ ስለኖረ ጥሪው ጠፍቶበታል። ከዚያ ባሕር ወጥተው ድንገት 6 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ ቢገቡ በሙቀት ይሞታሉ። 6 ዲግሪ እኮ እኛ ከማቀዝቀዣ አውጥተን «ጥርስ ያማል» የምንለው ውሃ ነው! ይህን ስንሰማ ስለ ራሳችን አሰብን። ለብዙ ዓመት ምንም ሳይነካን ስንቀመጥ፣ ሌላው ሲቃጠል የሚሰማው ጆሯችን ምን ይሆናል?

ወገኖች፣ ከሴል ላይ ትምህርተ መለኮት ማውጣት እንደማይገባን እናውቃለን። ሴል ሴል ነው፤ ወንጌልም ወንጌል ነው። ነገር ግን ፈጣሪ በሠራው ሥራ ውስጥ የምናየው ጥበብ ቢያንስ አያሳፍረንም? ያን ማታ እኛን አሳፍሮናል።

ያሳፈረን እንዲህ ነው። በጉባኤያችን አንዲት እህት ነበረች። «ነበረች» ያልነው አርፋ አይደለም፤ በመካከላችን ስላጣናት ነው። በመዘምራን ታገለግላለች፤ የእሑድ ትምህርት ቤት ልጆችን ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን የምታጸዳውም እርሷ ነበረች። ቤት ውስጥ እናቷ በስትሮክ ከአልጋ ከዋሉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። ቀን ሥራ ትውላለች፤ ሌሊት እናቷን ታገላብጣለች። አንድ ረቡዕ ከጸሎት በኋላ ቀርታ «ደክሞኛል» አለችን። እኛ ምን አልናት? «በርቺ። ጌታ የማትችዪውን አይሰጥሽም» አልናት። እጃችንን ጭነን ጸለይን። እንባዋን ጠርጋ ስትወጣ ደግሞ፣ ይህን ስንጽፍ ራሱ ያሳፍረናል፣ የፋሲካን ፕሮግራም እንድታስተባብር ጨመርንባት። «ሥራ ሲይዟት ትጽናናለች» ብለን ነበር።

ፋሲካው አልፎ በሦስተኛው ሳምንት ወደቀች። ሆስፒታል ገባች። ስትወጣም ወደ ጉባኤው አልተመለሰችም። እኛም «ወደ ኋላ ተመለሰች» ብለን ለስሟ መጸለይ ጀመርን። አንድም ሰው «ማን ወደ ኋላ ተመለሰ? እርሷ ወይስ እኛ?» ብሎ አልጠየቀም።

ልጃችን ስለ ሴሉ ስታወራ፣ አንድ ነገር እንደ መርፌ ወጋን። ሴሉ ሙቀት ሲያገኘው ሌላውን ሥራ ይቀንሳል። እኛ ጨመርን። ሴሉ ሚዜ ይጠራል። እኛ «በርቺ» አልን። «በርቺ» ደግ ቃል ነው፤ አባቶቻችንም ብለውታል። ግን አጠገብ ቆሞ የሚይዝ እጅ ከሌለው፣ የሚፈታውን ክር «አትፈታ» ብሎ መቆጣት ብቻ ይሆናል።

ልጃችንን «ሚዜዎቹ ካልበቁስ?» ብለን ጠየቅናት። «ጭንቀቱ አጭር ከሆነ ሴሉ ያገግማል። ከረዘመ ግን መጠገኑ ራሱ ያደክመዋል። በመጨረሻ ጎረቤቶቹን እንዳይጎዳ ራሱን በሥርዓት አፍርሶ ይሞታል» አለችን። ዓሣም እንደዚሁ ነው። ሲደነግጥ ልክ እንደ እኛ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን በደሙ ይጨምራል። ለአጭር ጊዜ ይጠቅመዋል፤ ጉልበት ያወጣለታል። ሳምንታት ከቆየበት ግን እድገቱ ይቆማል፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይደክማል፤ መውለድም ያቅተዋል። ዓሣው ይዋኛል፤ ከላይ ለሚያየው ደኅና ነው። እህታችንም ትዘምር ነበር።

ለሁሉም ልክ አለው። በወጣትነታችን በአብያታ ሐይቅ ዳር ስናልፍ ሰማዩ በፔሊካን የተሸፈነ ይመስል ነበር። የሚፈለፍሉት በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ነው፤ ሻላ ግን ዓሣው ጥቂት ስለሆነ ለምግብ ወደ አብያታ ይመላለሱ ነበር። አብያታ ያኔም ሶዳ ነበር፤ ቆሮሶው ግን ይኖርበት ነበር፤ ሰውም ያጠምድበት ነበር። ቆይቶ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውሃ ለመስኖ እየተቀነሰ፣ ከራሱም ውሃ ለሶዳ እየተወሰደ፣ ሐይቁ ሸሸ። የቀረው ውሃ ሶዳው በረታ። ዓሣው በስንጥቡም በሚዜዎቹም ለዓመታት ቻለ፤ በመጨረሻ ግን ከሐይቁ ጠፋ። ፔሊካኖቹም ተበተኑ። ያን ዓሣ «በርታ» ቢሉት ምን ይጠቅመው ነበር? የሚያስፈልገው ውሃ ነበር።

ከዚህ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ገልጠን የምናውቃቸውን ታሪኮች እንደገና አነበብን። ኤልያስ ከክትክታው ሥር ተኝቶ ሞትን ሲለምን መልአኩ ስብከት አልሰበከለትም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ አስተኛው፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። መንገዱ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ «ጎበዝ» አላለውም፤ ያልቅብሃል፣ ሸክሙን አካፍል አለው። በአማሌቅ ጦርነት የሙሴ እጅ ሲዝል አሮንና ሆር ድንጋይ አቀረቡለት፤ ግራና ቀኝ ሆነው እጁን ያዙ። ሚዜ ማለት ይህ አይደለም? ጸሎቱን የጸለየው ሙሴ ነው፤ እጁን የያዙት ግን ሌሎች ናቸው። እነዚህን ምዕራፎች ለሃያ ምናምን ዓመት ሰብከናቸዋል።

በማግስቱ ወደ እህታችን ቤት ሄድን። በሩን የከፈተችው እርሷ ናት፤ ከስታለች። ቡና አፈላች፤ እምቢ ብንል ይከፋታልና ተቀመጥን። ይቅርታ ጠየቅናት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ፓስተር፣ ጸሎቱን አልጠላሁትም። ግን ያን ቀን ያስፈለገኝ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነበር» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእናቶች ኅብረት ተራ አወጣ። ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ሁለት እናቶች እየሄዱ እናቷን ያገላብጣሉ፤ እርሷ በሌላው ክፍል ትተኛለች። ወደ መዘምራን ተመለሺ አላልናትም። እስከ ዛሬም አልተመለሰችም። አንዳንድ እሑድ ግን መጥታ ከኋላ ትቀመጣለች። እርሱም ይበቃናል፤ የተፈታው ክር የሚታጠፈው በራሱ ጊዜ ነው።

ወገኖች፣ ከዚህ የተነሣ በጉባኤያችን አንዳንድ ነገር ለመለወጥ ተስማምተናል፤ ለእናንተም ይጠቅም እንደሆነ እንነግራችኋለን። አንደኛ፣ «ደክሞኛል» ያለ አገልጋይ ከማንኛውም ምክር በፊት «ከየትኛው ሥራ እናሳርፍህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ ሐዘን፣ ሕመም ወይም ሥራ ማጣት የደረሰበት ሰው ሁለት ሚዜ ይመደብለታል፤ ሥራቸው መምከር አይደለም፣ አጠገቡ መሆንና የጎደለውን ማየት ነው። ሦስተኛ፣ ሚዜዎቹም ተራ ይለዋወጣሉ፤ እነርሱም ሴል ናቸውና። አራተኛው ለራሳችን ለመጋቢዎች ነው፦ ጭንቅ አልፎልን የምናውቅ ከሆንን፣ ያ ጭንቅ የተሰጠን በሌላው ላይ እንድንፈርድበት ሳይሆን ቀድመን እንድንደርስለት ነው።

እናንተስ? ዛሬ ውሃው የጨመተባችሁ፣ ሙቀቱ የበረታባችሁ ካላችሁ፣ መድከማችሁ የእምነት ማነስ አይደለም። ሴል ሙቀት ሲያገኘው ሚዜ መጥራቱ ብልሽት አይደለም፤ የተሠራው እንዲህ ነው። እናንተም ጥሩ። ጎረቤት ጥሩ፤ ሐኪም ጥሩ፤ ወንድም ጥሩ። ደኅና የሆናችሁ ደግሞ፣ ከኋላ ወንበር ዝም ብላ የምትወጣውን እህት ተመልከቱ። «በርቺ» ከማለታችሁ በፊት ዛሬ ሌሊት ማን እንደሚተካት ጠይቋት።

ጌታ ሆይ፣ በዓይን የማትታየውን ሴል ያለ ረዳት አልተውካትም። እኛ ግን ወንድማችንን ብቻውን ተውነው፤ ይቅር በለን። የሚዝል እጅ የሚይዝ እጅ አድርገን። አሜን።

ጸጋው ይብዛላችሁ።